ስልቾን ፍለጋ እስከ አዲ አርቃይ

ሐሙስ ጠዋት፣ ጎንደር

ከቤቴ የወጣሁት ከአሥራ ሁለት ሰዓት ትንሽ አለፍ ሲል ነው። የምሄደው አዲ አርቃይ፣ የምሄድበትም ጉዳይ አንድ ሰው ይቅር እንዲለኝ ለመለመን ነው። ሰውየው ይርጋ ይባላል። በወገራና በዳባት ይርጋ ብትሉ የሚያውቅላችሁ የለም። ስልቾ ብትሉ ግን ጡት ያልጣለ ልጅ ሳይቀር ያውቀዋል። ሰው መሆኑን ነው የማያውቁት።

ያስነሳችኝ የልጅ ልጄ ሜላት ናት። አምስት ዓመቷ ነው። እንደ ጭራቅ፣ እንደ አያ ጅቦ ሁሉ አሁን በየቤቱ ስልቾ የሚባል ማስፈራሪያ አለ። ስልቻ ተሸክሞ ይዞራል፣ እንቢተኛ ልጅ ይከታል ይባላል። አልበላም ስትል እናቷ "ስልቾ ይመጣልሻል" ትላታለች። እናቷ የጎንደር ከተማ ልጅ ናት፤ ቃሉን ያገኘችው ከሰፈር ሴቶች ነው። ልጅቷ እንግዲህ በጠራራ ፀሐይ ግቢያችን ውስጥ ወዳለው ሽንት ቤት እንኳ ብቻዋን አትሄድም። በር ላይ ቁሙልኝ ትላለች።

አንድ ቀን አጠገቤ ተቀምጣ፣ "አባባ፣ ስልቾ ሲያረጅ ይሞታል?" አለችኝ።

"እኔ ምን አውቄ" አልኳት።

ውሸቴን ነው። ከእኔ በላይ የሚያውቅ የለም። ስልቾን የፈጠርኩት እኔ ነኝ።

በዚያው ሰሞን አንድ የሰሊጥ ነጋዴ አራዳ ገበያ ላይ ሲያጫውተኝ፣ አዲ አርቃይ ውስጥ ጆንያ የሚሰፋ ይርጋ የሚባል የወገራ ሽማግሌ አለ አለኝ። ረዥም ነው ወይ? አልኩት። ረዥም ነው፤ ድምፁም ከጉድጓድ የሚወጣ ይመስላል አለኝ። ሌላ አልጠየቅሁም።

ልጄ ጌትነት፣ የሜላት አባት፣ "አዲ አርቃይ ደግሞ ምን አለህ?" አለኝ።

"ሰው አለኝ።"

"ማን?"

"ይርጋ።"

ስሙን ሲሰማ ጎንበስ ብሎ የታሰረውን የጫማውን ክር ፈትቶ እንደ ገና ማሰር ጀመረ። ቀና ሳይል፣ "መንገዱ አይታመንም፤ አርጅተሃል። ስልኩን እናፈላልግና ደውልለት" አለ። በስልክ የሚባል ነገር አይደለም አልኩት። እኔ አንዴ እሄዳለሁ ካልኩ እሄዳለሁ፤ ያውቀዋል፤ ተወኝ።

በቦርሳዬ ቆሎ፣ ሁለት ዳቦና ይህን ደብተር ያዝኩ። ለይርጋ ደግሞ ያልተለበሰ ጋቢ ገዛሁለት። በባዶ እጅ ይቅርታ መጠየቅ ከበደኝ። መናኸሪያ ደርሼ የደባርቅ ቅጥቅጥ ውስጥ ገባሁ፤ ሦስት መቶ ብር አሉኝ፣ ከፈልኩ። ከሾፌሩ ኋላ ተቀመጥኩ። ሲሞላ ሄድን።

አምባ ጊዮርጊስ

ኮሶዬ ላይ ብርዱ በመስኮት ገባ። ከታች ቆላው በጭጋግ ተሞልቶ ገደሉ የት እንደሚጀምር አይታይም። አምባ ጊዮርጊስ ስንደርስ ገና ሁለት ሰዓት አልሆነም፤ ገብስ የጫኑ አህዮች መንገዱን ሞልተውት ሾፌሩ ጡሩንባውን አልለቀቀም። አገሬ ይህ ነው። የተወለድኩባት መንደር ከከተማው በእግር ሁለት ሰዓት ታስኬዳለች። መኪናው ሰው ሲያወርድ እኔ ወደዚያ እያየሁ የሆነውን ነገር ላስታውስ፤ እናንተም ከዚህ ጀምራችሁ ብትሰሙት ይሻላል።

ቤታችን ገደል አፍ ላይ ነበር። ከጓሮው ሃምሳ እርምጃ ብትሄዱ መሬቱ ያልቃል። ጌትነት ሦስት ዓመት ሲሞላው እግሩ ወደዚያ ወደዚያ አለ። እናቱ በጭራቅ አስፈራራችው፤ "የታለ? አሳዪኝ" አላት። እኔ በአያ ጅቦ አስፈራራሁት። እንደ ክፉ ዕድል በዚያው ሰሞን የመንደሩ ሰው አንድ ጅብ ገድሎ በገመድ እየጎተተ አምጥቶ ነበር። ልጄ ጅራቱን ይዞ ጎትቶታል። ከዚያ ወዲያ ጅብ ስንለው ይስቅ ጀመር።

ይርጋ ባልንጀራዬ ነበር፤ አብረን ነው ያደግነው። ከቆላ ጨውና ሽምብራ በስልቻ ያወጣል፣ ከደጋ ባቄላና ገብስ ያወርዳል። አህያው ሲደክም ስልቻውን ራሱ ይሸከማል። አንድ ቀን በደጄ ሲያልፍ አስቆምኩት።

"እስቲ ይህን ልጅ አስፈራራልኝ።"

"ምን ብዬ?"

"ገደል የሚሄድ ልጅ ይዤ እሄዳለሁ በለው። ስልቻህን ክፈትበት።"

እየሳቀ ገባ። ጋቢውን ፊቱ ላይ ጣለ፣ ባዶ ስልቻውን አፉን ፈልቅቆ፣ "ገደል የሚሄደው ልጅ እዚህ ነው ያለው?" አለ በዚያ ድምፁ። ልጄ እናቱ ቀሚስ ውስጥ ገባ። ይርጋ ሲሄድ ልጄ፣ "ማነው?" ብሎ ጠየቀኝ። "አያ ስልቾ ነው" አልኩት። እንዲያው ከአፌ የወጣ ነው፤ አስቤ ያወጣሁት ስም አይደለም። ከዚያ ቀን በኋላ ልጄ ወደ ገደሉ ዞሮ አላየም። ይህን አልክድም። ልጄ ዛሬ ሰው የሆነው በስልቾ ነው።

ነገሩ በዚያ ቢያበቃ ሸጋ ነበር። የጎረቤት ሴቶች ሰሙና "ለእኔም ና በለው፣ ለእኔም" አሉ። ይርጋ ከቆላ በወጣ ቁጥር አንዷ ታስጠራዋለች፤ ያስፈራራል፤ አንድ ዋንጫ ጠላ ይጠጣል፤ ይሄዳል። ልማድ ሆነ። ልጅ ሲያለቅስ "ስልቾን ጥሩልኝ!" ይባላል። እሱም ይስቅ ነበር፣ እኛም እንስቅ ነበር። እኔ ራሴ ፊት ለፊት ስልቾ ነበር የምለው፤ ይርጋ ማለቱን ተውኩት። መሳቁን የተወበትን ቀን አላስተዋልኩም። ዘግይቶ ሚስት ሊያገባ ሽማግሌ ላከ። ልጅቱ በሕፃንነቷ ካስፈራራቸው አንዷ ናት። "ስልቾን አላገባም" ብላ አልቅሳ ቀረች። ያን ጊዜም ሳቅን።

ዳባት

ከአምባ ጊዮርጊስ የሦስት ዓመት ልጅ የያዘች ሴት ተሳፍራ ከጎኔ ተቀመጠች። ገደብዬን እንዳለፍን ልጁ መስኮቱ ይከፈትልኝ ብሎ እሪ አለ።

"ዝም በል! ስልቾ ከኋላ አለልህ!" አለችው።

ልጁ ዞሮ ሲያይ ያገኘው እኔን ነው። ሪዜን አየ፣ ቦርሳዬን አየ፣ ጭጭ አለ።

"ምነው ልጄ፣ ስልቾ የምትይው ማነው?" አልኳት።

"ኧረ አያ! የወገራ ሰው አይደሉም እንዴ?"

"ነኝ። ንገሪኝ እስቲ።"

"እናታችን ስትለን ነው የምናውቀው። እግሩ የጅብ ነው፣ ዓይኑ አንድ ነው። ልጁን በስልቻ ይዞ ይወርድና ቆላ ውስጥ ጨው ነስንሶ ይበላዋል" አለችኝ እየሳቀች።

የጅቡን እግር ያወጣሁት እኔ አይደለሁም። አንድ ዓይኑንም አላውቀውም። ጨዉ ግን እውነት ነው፤ ይርጋ ጨው ያወጣ ነበር። ከሰውየው የተረፈው እውነት ይህችው ጨዉ ብቻ ናት አልኩ በልቤ።

ከኋላ ደግሞ አንድ ጎረምሳ ስልኩ ጠፍቶበት ኪሱን ይፈትሽ ጀመር። "ስልኬን ስልቾ ወሰደው!" ሲል መኪናው በሙሉ ሳቀ። ከወንበሩ ሥር አገኘው። አሁን እንዲህ ሆኗል። የጠፋ ዕቃ ስልቾ ወሰደው ይባላል፤ ደንግጦ ድርቅ ያለ ሰው ስልቾ ያየ ይባላል፤ የሰው ንብረት የሚያግበሰብስ ሹም ስልቾ ይባላል። ሁሉም ይስቃል። እኔ አልሳቅሁም፤ ሴትዮዋ አመመዎት ወይ? አለችኝ።

ያመመኝ የሚቀጥለው ነው። ዓመታት ካለፉ በኋላ ከመንደራችን አንዲት የሰባት ዓመት ልጅ ጠፋች። አንድ ቀን ተፈለገች፣ አልተገኘችም። በሁለተኛው ቀን ይርጋ ከቆላ ስልቻውን ተሸክሞ ብቅ አለ። ጎረምሶቹ በመንገድ ያዙት። ሁሉም በልጅነታቸው ያስፈራራቸው ናቸው። ጎጆውን በረበሩ፤ እሱን ወደ ቤተ ክርስቲያኑ አጥር ጎትተው ሰው ፊት አቆሙት። ስልቻውን ገልብጦ ያራገፈው የእኔ ልጅ ጌትነት ነው። ከስልቻው የወጣውን እኔ አላየሁም። በትሬ ላይ አቀርቅሬ ነበር።

ልጅቱ ዳባት አክስቷ ቤት እንዳለች በዚያው ቀን መልእክት መጣ። በእግሯ ሄዳ ነው። አጥፍተናል ያለ ሰው አልነበረም። የደብሩ አለቃ ግን ተናደዱና፣ "ይህን ስም ለዚህ ክርስቲያን ያወጣው ማነው? ተነስቶ ይናገር" አሉ። ሰው ሁሉ ተያየ። እኔ አልተነሳሁም። ይርጋ ወደ እኔ አየ። አንድ ቃል ቢናገር ያበቃልኝ ነበር፤ አልተናገረም። በሳምንቱ አህያውን ጭኖ ወደ ቆላ ወረደ፤ ተመልሶም አልመጣ።

ስልቻው ከተራገፈ ሃያ አምስት ዓመት ሊሆነው ነው። አለቃውም ሞቱ።

ደባርቅና ሊማሊሞ

ደባርቅ አራት ሰዓት ላይ ደረስን። ብርዱ ከቀድሞውም ብሷል። ሽሮ በላሁ፤ መቶ ሃያ ብር አስከፈሉኝ፣ ድስቱ ትንሽ እንጀራው ቀጭን ነው። የአዲ አርቃይ መኪና እስኪሞላ ድረስ ከድንች ጆንያ ላይ ተቀምጬ ጠበቅሁ።

ሊማሊሞን የማያውቅ ሰው ካለ፣ መንገዱ ከገደሉ ወገብ ላይ እንደ ተጣለ ገመድ ነው። መኪናው ይታጠፋል፣ ይታጠፋል፤ ቅድም ከላይ ያያችሁትን ድንጋይ ከታች ሆናችሁ መልሳችሁ ታዩታላችሁ። ጭላዳ ዝንጀሮዎች ከመንገዱ ዳር ሣር እየነጩ ቀና ብለውም አላዩን። በየእጥፋቱ ሙቀቱ እየጨመረ መጣ። በመጀመሪያ ጋቢዬን አወለቅሁ፣ ቀጥሎ ኮቴን። ዛሪማ ስንደርስ ሸሚዜ ከጀርባዬ ተጣብቋል።

በዚህ ሁሉ መንገድ ላይ አንድ ነገር ስለማመድ ነበር። ከንፈሬን እያንቀሳቀስኩ "ይርጋ፣ ይርጋ" እላለሁ። እሱን በዚህ ስም ከጠራሁት አርባ ዓመት ሊሆነው ነው። ፊቱ ቆሜ እንዳይጠፋኝ ፈራሁ። ሁለት ቦታ ኬላ ላይ አውርደው ፈተሹን፤ ወታደሩ "አባት፣ ለማን ነው የሚጸልዩት?" አለኝ። "ለራሴ" አልኩት።

አዲ አርቃይ የገባሁት ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ ነው። ደክሞኝ ስለነበር አልጋ ይዤ ተኛሁ።

ዓርብ፣ አዲ አርቃይ ገበያ

ጠዋት ጋቢውን በብብቴ ይዤ ገበያ ሄድኩ። ጆንያ የሚሰፋው ሽማግሌ የት ነው? ስል ሰው ሁሉ አገጩን ወደ አንድ ዋርካ ይቀስራል። "አያ ይርጋን ነው? ያውልህ፣ ልጆች ባሉበት።" በአዲ አርቃይ ስሙ ይርጋ ነው። ደስ አለኝ፤ አፈርኩም።

ከዋርካው ሥር ትልቅ ወስፌ ይዞ ተቀምጧል። ሸብቷል፣ ትከሻው ወርዷል፣ ግን እሱ ነው። ከፊቱ የተቀደደ ጆንያ ተቆልሏል። በአጠገቡ ሰባት ስምንት ልጆች አሉ። አንድ ባዶ ጆንያ አፉን ከፍቶ መሬት ላይ ተዘርግቷል፤ ልጆቹ በተራ ራሳቸው እየገቡ፣ "አያ ይርጋ፣ እኔን! እኔን ስፋኝ!" ይላሉ። እሱ ወስፌውን ያነሳና፣ "ይህ እህል ስንት ኪሎ ነው? ወይ ክብደት!" ይላል። አንዲት ትንሽ ልጅ ጆንያው ውስጥ ሆና ስትንከባለል ሳቋ እስከ እኔ ይሰማል።

ከዚያ ስልቻ የሸሹት ልጆች ዓይኔ ላይ መጡ። እነዚህ ደግሞ በእግራቸው ይገባሉ። ልቤ ዘለለ። ደስታም አይደለም፣ ኀዘንም አይደለም። እዚያው ከመንገዱ ማዶ ቆሜ፣ እጄን ዘርግቼ፣ ባለ በሌለ ድምፄ ጠራሁት።

"ስልቾ!"

ይህ ነው ከአፌ የወጣው።

ወስፌው አየር ላይ ቆመ። አወቀኝ። ልጆቹ ቃሉን አያውቁትም። ከጎኔ ግን ሻይ የምትሸጥ ሴት ነበረች፤ ብርቱካን ትባላለች። ብርጭቆውን አስቀምጣ፣

"ምን አሉ አባቴ?" አለችኝ።

"ምንም።"

"ስልቾ አሉ። እኔ የዳባት ልጅ ነኝ፤ ሰምቻለሁ።" ወደ ዋርካው አየች። "የወገራ ሰው ነው ይሉታል... ረዥም ነው... ውይ በሞትኩት! እሱ ነው እንዴ?"

"ሰው ነው። ይርጋ ነው ስሙ" አልኩ። አልሰማችኝም። መንገዱን ተሻግራ፣ ጆንያው ውስጥ የምትስቀውን ልጅ በክንዷ ስባ አወጣቻት። ልጇ ናት። ልጅቱ "ተራዬ አላለቀም!" ብላ አለቀሰች። እናትዋ አፏን በእጇ ይዛ ወሰደቻት። አጠገቧ አትክልት የምትሸጠው ሴት "ምነው?" አለቻት። ብርቱካን ጆሮዋ ላይ ነገረቻት። ከዚያ በኋላ የሆነውን ቆሜ አየሁ። ከአንዷ ወደ አንዷ ሄደ። አንዷ ልጇን በስም ጠራች፣ ሌላዋ መጥታ እጁን ይዛ ሄደች። ሻይ በሚጠጣበት ጊዜ ውስጥ ከዋርካው ሥር ያለው ሰው ይርጋ ብቻ ሆነ። ጆንያው አፉን እንደ ከፈተ ቀረ።

ሄጄ አጠገቡ ተቀመጥኩ። መስፋት ጀምሯል።

"ፈንታ" አለኝ፤ የእኔን ስም አልረሳም። "ደህና ነህ?"

"ደህና። አንተስ?"

"እስከ አሁን ደህና ነበርኩ።"

 ወስፌውን በጆንያው አሳለፈና ክሩን ሳበ።

"እዚህ ከመጣሁ በዚያ ስም የጠራኝ ሰው የለም" አለ። "ያ ጦርነት በዚህ ሲያልፍ እንኳ፣ ተኩስ በሰሙ ቁጥር እነዚህ ሴቶች ልጆቻቸውን የሚያመጡት እኔ ቤት ነበር። አያ ይርጋ ጋ ሂዱ ይሏቸዋል። ከጆንያው ክምር ኋላ እደብቃቸዋለሁ። ታያለህ? እደብቃቸዋለሁ።"

"ይቅር በለኝ ይርጋ። ለዚህ ነው የመጣሁት።"

"ለየትኛው? ለድሮው ነው ለአሁኑ?"

አፉን የከፈተውን ጆንያ አየሁ።

"ለድሮው ይቅር ልልህ ነበር" አለ ክሩን በጥርሱ እየበጠሰ። "አስቤበታለሁ። ይመጣል፣ ይቅር በለኝ ይላል፣ እሺ እለዋለሁ ብዬ ስንት ጊዜ አሰብኩ። ልጅህን ከገደል ለማዳን ነው፤ አውቃለሁ። የአሁኑን ግን አላሰብኩበትም። ይህ ይመጣል ብዬ አላሰብኩም።"

"አፌ ነው። መንገዱን ሙሉ ስምህን ስለማመድ ነው የመጣሁ።"

"ስሜን ስትለማመድ?" ያን ጊዜ ብቻ ሳቀ፤ ያ ሳቅ ከሚመታኝ ዱላ ይበልጥ አመመኝ። "ያን ጊዜ አለቃው የጠየቁትን መመለስ የነበረብህ አንተ ነህ። እኔ ብናገር ራሱን ለማዳን ነው ይሉ ነበር። አንተን ጠበቅሁህ። ተነስና አሁን ተናገር። ያውልህ ሰው።"

ተነሳሁ። ወደ ብርቱካን ሻይ ቤት ሄድኩ፤ ሴቶቹ ተሰብስበዋል፣ ሁለት ሦስት ወንዶችም አሉ። ቆሜ ሁሉንም ተናገርኩ። ስሙን ያወጣሁት እኔ ነኝ አልኩ። ልጄን ከገደል ለማራቅ ነው፤ ይህ ሰው ጨው ነጋዴ ነበር፤ የማንንም ልጅ አልነካም፤ ስልቻውን ያራገፈበትም የገዛ ልጄ ነው አልኩ። ሲጠየቅ ዝም ያልኩትም እኔ ነኝ አልኩ። ምንም አላስቀረሁም።

ብርቱካን እስከ መጨረሻው ሰማችኝ። ወንበር ሰጠችኝ፣ ሻይም ቀዳችልኝ።

"አባቴ፣ ተረት መሆኑን እኮ አውቃለሁ" አለች። "ጅል አይደለሁም። አያ ይርጋ ስንት ዓመት ልጄን ጠብቆልኛል። ግን እርስዎ ያን ቃል ሲሉ እኔ የአራት ዓመት ልጅ ሆንኩ።  ልቤ አውቆታል፤ እግሬ ነው እንቢ ያለኝ። ምን ላድርግ?"

 እኔው ነኝ እኮ ቃሉን በእናቷ አፍ ውስጥ የከተትኩት።

ቅዳሜ ጠዋት

በማግስቱ ማልጄ ዋርካው ሥር ሄድኩ። ይርጋ ቀድሞኛል። እንደ ወትሮው ባዶውን ጆንያ መሬት ላይ ዘርግቶ አፉን ከፍቶታል። ጠበቅን። ሴቶቹ እያለፉ "እንደምን አደርክ አያ ይርጋ" ይሉታል፤ ሰላምታቸው ሸጋ ነው፣ ግን ልጆቻቸውን በወዲያ ጎናቸው ይዘዋል። የብርቱካን ልጅ ከመንገዱ ማዶ የእናቷን ቀሚስ ይዛ ጆንያውን አየችው። እናትዋ አጎንብሳ አንድ ነገር ነገረቻት። ልጅቱ ከቀሚሱ ኋላ ተደበቀች።

ጋቢውን አውጥቼ ሰጠሁት። ዳሰሰው።

"ጥሩ ጋቢ ነው። ምነው፣ ቆላ ውስጥ ምን አደርገዋለሁ?" ብሎ መልሶ ሰጠኝ።

"ትንሽ ልቆይ። ሳምንትም ቢሆን። በየቀኑ እነግራቸዋለሁ" አልኩት።

"ሂድ ፈንታ። አንተ እዚህ ባለህ ቁጥር ቃሉም እዚህ ነው። ትረሳ ይሆናል አንተ ስትሄድ።"

"ይቅር አልከኝ?"

"ሂድ አልኩህ" አለ።  እጄን ግን ያዘኝ፤ ረዘም አድርጎ ያዘኝ። ትርጉሙን አላውቅም፤ ይቅርታ ነው ብዬ ብጽፍ ውሸት ይሆንብኛል።

መልስ

ሊማሊሞን ስንወጣ የገዛሁትን ጋቢ ራሴ ለበስኩት። ደባርቅ ደርሼ ሌላ መኪና ያዝኩ። አምባ ጊዮርጊስ ላይ ወርጄ ሁለት ሰዓት በእግሬ መንደሬ ሄድኩ፤ እንቢ ያለ ጉልበቴን እየተሳደብኩ። ቤተ ክርስቲያኑ አጥር ሥር ሰዎች ተቀምጠዋል፣ የማውቀው ፊት ጥቂት ነው። አለቃው የጠየቁትን መለስኩ። "ስልቾን ያወጣሁት እኔ ነኝ" አልኩ።

አንድ ጎልማሳ፣ "አያ፣ ስልቾ ሰው ነበር እንዴ?" አለኝ። ሌሎቹ ሳቁ። ከመካከላቸው አንድ እኩያዬ ብቻ መሬት መሬቱን አየ። እዚያው አደርኩና እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ወደ ጎንደር ተመለስኩ።

ከዚህ መንገድ የተማርኩት ይህን ነው። ስሙን ያወጣሁት በአንድ አፍታ ነው፤ ልመልሰው ብዬ ስነሳ ግን እኔ በመኪና ስሄድ እሱ በየእናቱ አፍ ቀድሞኛል። ደግሞም ዝም ያልኩበትን ቀን ከሃያ አምስት ዓመት በኋላ ተናግሬ ልሞላው አልቻልኩም። ያን ቀን ብነሳ አንድ ሰው መንደሩ ውስጥ ይኖር ነበር። ይኸው ነው።

ቤት ስገባ ምሳ ቀርቧል። ሜላት ሮጣ እግሬን አቀፈችኝ። ልጄንና ሚስቱን ተቀመጡ አልኳቸው፤ ሳልበላ ነገርኳቸው። ለሜላት፣ "ስልቾ የለም፤ ይርጋ የሚባል ሰው ነው ያለው። እኔ ነኝ ውሸት የተናገርኩበት" አልኳት። የልጄ ሚስት እጇን አፏ ላይ አደረገች። ጌትነት እንደ ለመደው ወደ ጫማው አጎነበሰ፤ ቤት ውስጥ ስለነበር ግን ጫማ አላደረገም።

ሜላት አሰበችና፣ "ታዲያ ስልቻው ውስጥ ምን ነበረ?" አለች።

እኔ አላየሁም። አላውቅም ልላት ስል ልጄ ቀና አለ።

"ሽምብራ ነበር" አለ።  "እኔ ነኝ የደፋሁት። አፈር ላይ ተበተነ።"

"ከዚያስ ማን ለቀመው?"

"እኛ ቆመን አየን። እሱ ነው የለቀመው" አላት። "ተንበርክኮ፣ አንድ በአንድ።"